የጎይኮ አንቀጽ

ቤቱን ይውሰድ። የወይን ቦታውንም፣ ትራክተሩንም፣ ከሳሎን እስከ ጓዳ ያለውን ዕቃ ሁሉ ጠራርጎ ይውሰድ፤ ዳሪንካ አንዲት ማንኪያ አትጠይቀውም። ልጇን ግን አይወስድም። ይህን ለስንተኛ ጊዜ ለራሷ እንደነገረች እንጃ፣ ብላ ጨርሳ በግራ ጎኗ ተገለበጠች። ረፋድ ነው፣ ቪየና ላይ ፀሐይ ወጥታለች፣ መጋረጃው ወፍራም ነው ተብሎ ቢገዛም ብርሃኑ በጠርዙ እየሾለከ ግድግዳው ላይ ተጋድሟል፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ዛሬም በመሰርሰሪያው ግድግዳ ይበሳል፤ ይሄ ሰውዬ ግድግዳውን ሁሉ በስቶ ሲጨርስ ወዴት ሊሄድ ነው? ሌሊቱን ሙሉ በአረጋውያን መጦሪያው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆማ አንሶላ ስታጥፍ አድራለች፣ እግሯ አብጧል፣ እንቅልፍ ግን ባይኗ አልዞር አለ፤ ስልኩ ትራሷ ሥር ነው፣ ስሬቴንም ዛሬ እደውላለሁ ብሏል። ስሬቴን ጠበቃዋ ነው፣ ያ የፖስተኛው ልጅ፣ ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ በደጃቸው ሲሮጥ ያደገው፣ ይኸው ዛሬ ከረባት አስሮ ሰው ያፋታል።

ጉዳዩ ቀላል ነው ብሏት ነበር መጀመሪያ፣ እሷም አምናው ነበር።

«አክስቴ፣ የናንተ ነገር እኮ አንድ መለኪያ ራኪያ ጭልጥ እንደማድረግ ነው» አላት። «እርስዎ ይስማማሉ፣ እሱ ይስማማል፣ እኔ ስምምነቱን እጽፋለሁ፣ ሁለታችሁ ትፈርማላችሁ፣ ዳኛዋ ‹ሐሳባችሁን አልቀየራችሁም ወይ› ብላ ትጠይቃለች፣ አለቀ። መምጣትም የለብዎትም፤ እዚያው ቪየና ከቆንስላው ውክልና ይላኩልኝ፣ እኔ ቆሜልዎት እጨርሰዋለሁ።»

«ክርክር የለውም?»

«ክርክር ካማራችሁማ ያ ሌላ ነው። እሱ እኔንም ያስረጀኛል።»

ክርክር አላማራትም። ክርክር የሚያምረው ጉልበት የተረፈው ሰው ነው። ለውክልናው ቆንስላው በር ላይ ተሰልፋ ሳለ ከኋላዋ የቆመች አንዲት የአገሯ ሴት፣ ወፍራም፣ ጉንጯ የቀላ፣ «ምን ልታስጨርሺ ነው እህቴ?» ብላ ጠየቀቻት፤ «ፍቺ» አለች ዳሪንካ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ውይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» ብላ ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮኸች ሴትዮዋ። «እኔ ለርስት ነው የመጣሁት፣ የኔው እንኳ በራሱ ጊዜ ሞተልኝ።» ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፣ ዳሪንካም ሳቀች፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ግን ጸሐፊው ‹ያገባሽው መቼ ነው› ሲላት ዘመኑ ከአፏ ጠፋባት፣ የሠርጓ ቀን የጠፋባት ሴት፣ አንገቷን ደፍታ መታወቂያዋን ስታገላብጥ ሰውየው ጣቱን በጠረጴዛው ላይ ያንኳኳ ነበር።

ፍቺውን የጠየቀው ደግሞ እሱ ነው፣ ይታያችሁ። ባለፈው ነሐሴ እንደ ወትሮው በአውቶቡስ ሌሊቱን ተጉዛ ስትደርስ በገዛ ደጇ ላይ፣ በሷ ላብ በተሠራ ቤት፣ የማታውቀው የሴት ነጠላ ጫማ ጥንድ ሆኖ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ባሏ ራዶቫን ደግሞ ከጫማው ፊት ለፊት ቆሞ ሊከልለው ይሞክራል፣ ያን የሚያክል ሰውዬ። «ጎረቤት ናት፣ ሩዢትሳ፣ ከማዶ መንደር፣ ባሏ የሞተባት፣ ታግዘኛለች» ይላል። ምኑን ነው የምታግዝህ? አላለችውም። ሻንጣዋን ከፍታ ያመጣችለትን ሹራብ ሰጠችው፣ እሱም ለክቶ «ትከሻው ጠበበ» አለ። አራስ ልጅ ትቶ የሄደ ሰው እንኳ እንዲህ አይቀበሉትም። የብርዱን ወራት ሙሉ ዝም ዝም ተባባሉ፣ ከዚያ ደወለ፣ የማታውቀውን ለስላሳ ድምፅ ከየት እንዳመጣው እንጃ።

«ዳሪንካ፣ እኔ ለራሴ ምንም አይደለም። ሩዢትሳ ግን እንዲሁ መቀመጡ ያሳፍራታል።»

«ያሳፍራታል? ሰው ቤት ገብታ ስትቀመጥ ያላሳፈራት አሁን ምን ተገኘና ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ተይ እንግዲህ። አንቺ እዚያ ነሽ፣ እኔ እዚህ ነኝ። ይሄ ትዳር ነው? ይሄ እኮ የስልክ ቁጥር ነው።»

እውነቱን ነው፣ እና አንጀቷን ያሳረራት እውነት መሆኑ ነው። እሺ አለችው። እሺ ስትለው ደግሞ ትንፋሹ ቀለል ሲል በስልኩ ሰማችው፣ ያ ትንፋሽ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ አለ።

ከዚያ ስሬቴን ንብረት ይቆጥር ጀመር፣ ይሄ የማን ያ የማን እያለ፣ እሷም የሱ የሱ እያለች፣ ሁሉንም ለሱ አድርጋ ልትጨርስ ስትል ልጁ ጉሮሮውን ጠረገና «መቃብሩስ አክስቴ?» አላት።

መቃብሩ። ራዶቫን ያሠራው ልጃቸው ጎይኮ በሞተ በዓመቱ ነው፣ አገሩ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ውጭ አገር ሰው ያለው ሁሉ ከጎረቤቱ መቃብር ትንሽ ከፍ ትንሽ ሰፋ እያደረገ እንደሚያሠራው፤ በላዩ ቤት፣ ቤቱ ባለ መስኮት፣ መስኮቱ ባለ መጋረጃ፣ ውስጡ ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር፣ በሙታን ቅዳሜ ዘመድ ተሰብስቦ የስንዴ ንፍሮውንና ፒታ የሚባለውን የአይብ ቂጣ ከሙታኑ ጋር የሚበላበት። ከወለሉ ሥር ሦስት ቦታ አለ፣ አንዱ ተይዟል፣ ሁለቱ ባለቤቶቻቸውን ይጠብቃሉ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሦስቱም ተቀርጸዋል፣ ጎይኮ ከብስክሌቱ ጋር፣ ራዶቫን ከመኪናው ጋር፣ ታርጋው ሳይቀር፣ ዳሪንካ ደግሞ ለብሳው በማታውቀው የፀጉር ካፖርት። ለቀራጩ የሰጡት የፓስፖርት ፎቶዋን ነበርና ሰውየው ከአንገት በታች የሚያደርገው ቢያጣ የሌላ ሴት ገላ ገጠመላት። «ምነው፣ አማረብሽ እኮ» አላት ራዶቫን መቃብሩ ባለቀበት ነሐሴ። «በሕይወቴ ካፖርት ገዝተህልኝ አታውቅም፣ ሬሳዬን ነው የምታለብሰው?» አለችው። ሳቁ። አዎ፣ ያን ጊዜ አብረው ይስቁ ነበር፣ መቃብራቸው ላይ ቆመው፣ ሐዘኑ ገና ሳይጠግግ፤ ምናልባት የመጨረሻ ሳቃቸው እሱ ነው።

የተፈታች ሴት በባሏ ዘመዶች መሬት አትቀበርም፣ ይህን ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ግን አይስተውም። ወደ እናት አባቷ መሬት ትመለሳለች። እናትና አባቷ ያሉት ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ላይ ነው፣ መንደሩ ሰው ካጣ ቆይቷል፣ ወንድሟም ስዊዘርላንድ ገብቶ ቀርቷል፣ መቃብሩን እሾህ ወርሶታል፤ ግድ የለም፣ እሾህ ይመነጠራል። እሷ እዚያ ከሄደች ግን ጎይኮስ? ከሱ ጎን ማን ሊተኛ ነው? ያቺ ባለ ነጠላ ጫማ? ልጄን ከማታውቀው ሴት ጋር አስተኝቼ ነው እኔ እዚያ ማዶ ብቻዬን የምበሰብሰው? ብላ በዚያ ስልክ ላይ ጮኸች፣ መጦሪያው ጓሮ ቆማ፣ አንዲት የተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለች አሮጊት ደንግጣ እስክታያት።

«ልጄን ከዚያ አወጣዋለሁ ስሬቴን። እናቴ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ይህን ጻፍ።»

«አክስቴ፣ አስከሬን ማንሳት የሁለቱንም ወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። በስምምነቱ ራሱን የቻለ አንቀጽ አድርጌ ላስገባው እችላለሁ፣ ግን እሱ እምቢ ካለ ስምምነት የሚባል የለም፣ ሁሉም ነገር ከሥሩ ይፈርሳል። ክርክር ይሆናል።»

«ይሁና!»

እምቢ እንደሚል ታውቅ ነበር። ራዶቫን ልጁን አይሰጥም፣ ራዶቫን እንኳን ልጁን አጥሩ ላይ የበቀለ የሰው ፕለም አያስነካም። እና ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቀን ቀን እየተገላበጠች የምትከራከረው ከሱ ጋር ነው፣ ዳኛዋ ፊት ቆማለች፣ እሱ በዚያ በኩል፣ አፏን ሞልታ ትናገራለች፣ ክብርት ዳኛ፣ ይህ ሰው ልጄ ሊዋኝ ወንዝ ሲወርድ የት ነበር? ብላ ትጠይቃለች፣ ዳኛዋም ወደሱ ትዞራለች፣ እሱም ዞሮ አንቺስ? ይላል። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የምትባንነው። አንቺስ የት ነበርሽ። ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ስልኳ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ እሷ አንሶላ ታጥፋለች፣ በሁለት እጅ ያዢ፣ እጠፊ፣ ጥግ ከጥግ አገናኚ፤ ስትወጣ ያልተመለሰው ጥሪ ማያ ገጹን ሞልቶታል፣ ሁሉም ከራዶቫን። ከዚያ አውቶቡስ፣ ድንበር ላይ ሰልፍ፣ ፖሊሱ ሻንጣ እየበረበረ፣ እሷ ልጄ ሞቶ ነው ስትለው ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው ብሎ ሲመልስላት፤ ስትደርስ አፈሩ ተመልሷል። ነሐሴ ስለነበር ሙቀቱ አላስቆየንም አሏት። ጎይኮ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። እሷ ስትሄድ ስድስት። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብላ የሄደች ሴት፣ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ መታጠቢያ ቤቱ፣ ቀጥሎ መኪናው፣ ቀጥሎ መቃብሩ፣ አሁን ደግሞ ጡረታዬ ሲደርስ ትላለች። እዋሻለሁ? አልዋሽም፣ እሄዳለሁ፣ ኮረብታው ላይ ያለውን የእናቴን ቤት አድሳለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከልጄ ጋር እቀመጣለሁ፣ ማንም ምን አለሽ አይለኝም።

ስልኩ ትራሷ ሥር ነዘረ።

«አክስቴ! ተኝተው ቀሰቀስኩዎት?»

«ማን ይተኛል። ምን አለ? እምቢ አለ፣ አይደል? አውቄዋለሁ። በል ጻፍ፣ እከራከራለሁ፣ እስከ—»

«ፈረመ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ትናንት ቢሮዬ መጣ። ያችን አንቀጽ አስቀድሜ ነው ያነበብኩለት፣ ኋላ ነገር እንዳይመጣ ብዬ። ሁለቴ አነበብኩለት። ‹ይውሰዱት› አለና ፈረመ። ድንጋዩ ሲነሳ የመኪናውን ሥዕል እንዳይጭሩበት ብቻ አደራ አለ። አክስቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ያለ ምንም ክርክር ጨረስን። እኔ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ነኝ፣ ከምሳ በኋላ ነው የምንገባው። እንዲያው ‹ግባ› ይበሉኝና—»

«ይውሰዱት አለ?»

«አዎን።»

«ሌላ ምን አለ?»

«ሌላ ምንም። ራኪያ ቀድቼለት ጠጣና ሄደ።»

«ቆየኝ» አለችውና ዘጋች።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ልትደሰት ይገባት ነበር፤ የፈለገችውን አገኘች። ይውሰዱት። አሮጌ ወንበር ይመስል፣ በር ላይ የተደነቀረ ምጣድ ይመስል። ለመኪናው ሥዕል አደራ የሚል ሰው ለልጁ አንድ ቃል አጣ? ከሱ የጠበቀችው ስድብ ነበር፣ እንደ ድሮው ጠረጴዛ መደብደብ፣ ‹ልጄን ከአጠገቤ ማን ወንድ ያነሳዋል› ማለት፤ ያን ቢል እኮ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያን ቢል ልቧ ግማሽ በግማሽ ይሽርላት ነበር። ልጁን በዚህ ዓለም የምታለቅስለት እሷ ብቻዋን ናት ማለት ነው? ደሟ ፈላ። የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ነበር የተጋደመችው፣ የሳሙና ሽታዋ ራሷን አስጠላት። ደወለችለት። ዛሬ ይሰማኛል፣ ዛሬ የሆዴን ሁሉ ዘርግፌለት ነው የምፈታው። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

«አቤት?» አለ የሴት ድምፅ። «ራዶቫን የለም፣ ወይን ቦታው ወርዷል፣ ስልኩን ረስቶት ነው…»

«ዳሪንካ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል ዶሮ ሲያሽካካ ይሰማል፤ የሷ ዶሮዎች።

«እንደምን ነዎት» አለች ሴትዮዋ በስተመጨረሻ።

«ስሚኝ። አንቺን አልፈለግሁም፣ ግን አንቺው ጠይቂልኝ። ልጁን እንዲህ እንደ ጥራጊ ‹ይውሰዱት› ያለው ምን ቢሆን ነው? ይህን ጠይቂውና መልሱን ንገሪኝ።»

«እሱ… አይገባም እኮ።»

«የት?»

«እዚያ። ልጁ ጋ። እስከ ደጁ ይመጣል፣ ቁልፉን ለኔ ይሰጠኝና ውጭ ቆሞ ያጨሳል። አንድ ቀን ልግባ ብሎ ጀመረ፣ እጀታውን ይዞ ቀረ። ላብ አጠመቀው፣ ቁጭ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ግባ አላልኩትም። ፈርሞ የመጣ ማታም ምግብ አልቀመሰም፣ ምን ሆንክ ብለው ‹እሷ ትችለዋለች፣ እሷ ጠንካራ ናት› አለኝ። ሌላ አላለም።»

ጠንካራ።

«እና ሻማውን ማነው የሚያበራው?» አለች። እስከ ዛሬ የሚያበራው እሱ ይመስላት ነበር፤ በየስልኩ መጨረሻ ‹ሻማ በራ ወይ?› ትለዋለች፣ ‹በርቷል› ይላታል፣ እንዲህ ሆኖ ነው ዓመቱ የሚያልፈው።

«እኔ ነኝ» አለች ሩዢትሳ። «ቅዳሜ ቅዳሜ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳልጠይቅዎት ነው። ድፍረት መስሎ ይታየኛል እኔንም። ግን የተዘጋ ቤት ሆኖ፣ ልጅ ብቻውን፣ አሳዘነኝ። መጋረጃውንም አጥቤዋለሁ። በረዶው መንገዱን ሲዘጋው ነው የሚቀርብኝ እንጂ ሌላ ጊዜ አልቀረሁም።»

ማን ፈቀደልሽ ልትላት አፏን ከፈተች። ባሌንም፣ ቤቴንም፣ ዶሮዬንም፣ አሁን ደግሞ የልጄን ሻማ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለው ቃል ግን ያዛት። ኮረብታው ላይ ቅዳሜ ማን አለ? ማንም የለም። እሾህ አለ፣ ነፋስ አለ፣ እናቷ አሉ፣ እናቷ ደግሞ ሻማ አያበሩም። እሷ ቅዳሜ የት ናት? አንሶላ ታጥፋለች፣ ጥግ ከጥግ ታገናኛለች። ልጇን ከዚያ አውጥታ፣ አጥንቱን በሳጥን አድርጋ ወንዙን አሻግራ፣ ያንኑ የበላውን ወንዝ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ትታው በማግስቱ በአውቶቡስ ትመለሳለች፣ እስከ ነሐሴ። ሁለተኛ ጊዜ ትታው ልትሄድ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ቀን እየተገላበጠች የታገለችለት ነገር ይሄ ነው? አሁን እሷም እንደሱ እጀታውን ይዛ የቀረች መሰላት፣ አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ማንም አይስማኝ ሳትል። ሴትዮዋ ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀቻት። አለማጽናናቷን ዳሪንካ በሆዷ አመሰገነችላት፣ ማመስገኗ ደግሞ አናደዳት።

«ልጁ ከዚያ አይነሳም» አለች ኋላ፣ አፍንጫዋን ጠርጋ። «አሁኑኑ ለስሬቴን ደውዬ ያችን አንቀጽ አስወጣታለሁ። ሌላው እንዳለ ይሁን፣ እኔ ከማንም ጋር ክርክር የለኝም። ለራዶቫን አልቅሳለች እንዳትዪው።»

«አልልም።»

«ደህና ዋይ በቃ።»

«ወይዘሮ ዳሪንካ፣ አንዴ… እባክዎ አይዝጉት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሙታን ቅዳሜ እየደረሰ ነው። ራዶቫንን ስጠይቀው ተነስቶ ይወጣል፣ ጎረቤትን መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። እኔ እንዲያው ንፍሮውንና የአይብ ፒታ ነው ጠረጴዛው ላይ የማኖርለት። ምን ይወድ ነበር?»

ዳሪንካ ልትመልስ ነው። ይሄ እንኳ የኔ ነው፣ ይሄን ማንም አይወስድብኝም። የስድስት ዓመቱን ታውቃለች፣ ወተት ውስጥ የተፈተፈተ ዳቦ፣ ከሥኳር ጋር፤ ግን ወንዝ የሚወርድ፣ ድምፁ መጎርነን የጀመረ ልጅ ፍትፍት ይበላል? ከዚያ በኋላ ያለው ነሐሴ ብቻ ነው፣ በነሐሴ ደግሞ እሷ መጣች ተብሎ በግ ይታረዳል፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ይበላል፣ በዚያ የሰው ምርጫ አይታወቅም። ቸኮሌት። በየወሩ በአውቶቡሱ ሹፌር ቸኮሌት ትልክለት ነበር፣ ትልልቁን፣ ባለ ሐምራዊ መጠቅለያውን፣ ደረሰህ? ትለዋለች በስልክ፣ ደረሰኝ እማ፣ አመሰግናለሁ፣ ይላል። ጣፈጠህ? በጣም። ቀብሩ አልፎ ልብሱን ለድሃ ለመስጠት መሳቢያውን ስትከፍት ሁሉም እዚያ ነበር፣ አንዱ ባንዱ ላይ በሥርዓት ተደርድሮ፣ አንዱም ሳይከፈት፣ የሥረኞቹ ከማርጀት የተነሳ በመጠቅለያቸው ውስጥ ተሰባብረው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ ለራዶቫንም፣ ለቄሱም።

«ሃሎ? አሉ?»

«አለሁ» አለች። «ፒታው ጥሩ ነው። ልጄ ምግብ አይመርጥም፣ የሰጠሽውን ይበላል። ቸኮሌት ብቻ አታኑሪለት።»